ሐኪሙ እስኪጣራ

1.

የሐኪሙ ሙሉ ስም፦ ይትባረክ ወንድይራድ
ሙያ፦ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት
የሙያ ፈቃድ፦ አለው፤ ዘንድሮ ታድሷል
የሕክምና ዲግሪ፦ አለው (ፎቶ ኮፒ)
የስፔሻሊቲ ምስክር ወረቀት፦ አለው (ፎቶ ኮፒ)
በሙያው የቆየበት ጊዜ፦ አሥራ አንድ ዓመት
የቀረበበት ቅሬታ፦ አልተገኘም
አስተያየት፦ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ደህና መሆኑ አላማረኝም።


2.

ቅጹን የሞላችው እታገኝ ናት። ማንም ሙዪ አላላትም፤ ቅጹንም ያዘጋጀችው ራሷ ናት። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በቀንም መብራት በሚበራበት ክፍል ተቀምጣ የሰው የትምህርት ማስረጃ ስታጣራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማኅተሙ በድንች የተቀረጸ ዲፕሎማ አይታለች። ከነጭራሹ ተከፍቶ ከማያውቅ ኮሌጅ በማዕረግ የተመረቀ ሰው አይታለች። የመስቀል ዕለት የተፈረመ ዲግሪ ይዞ አሥራ አራት ዓመት የሠራ ኃላፊም አይታለች። ያንን ሰውዬ ያጋለጠችው እሷ ናት፤ ሲሰናበት መጥቶ እጇን ጨብጧት ሄደ። ያን ቀን ምግብ የሚባል ነገር አልወረደላትም።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነቷ ሴት ሐኪም ምረጪ ስትባል ምን እንደምታደርግ መገመት ለአንባቢ አያዳግትም። ሐኪሙም ቢሆን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ለራሱ ያዝን ነበር።


3.

ሐኪም የሚያስፈልገው ለታናሽ ወንድሟ ለስንሻው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። "ነበር" የምትለዋን ቃል እታገኝ አትወዳትም፤ ትምህርት ቤቱ ግን በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሯል።

ስንሻው ደብዳቤ ይጻፍብኛል ይላል። ማን እንደሚጽፍ አያውቅም። ለርዕሰ መምህሩ ተጽፏል። ለባለሱቁም ተጽፏል፤ ባለሱቁ "ስኳር የለም" ያለው ስኳር አልቆ አይደለም። ወደ እሱ የቀረበ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ከዚያ ይርቃል። የልብ ጓደኛው ሊጠይቀው መጥቶ በሳምንቱ ወደ ጅማ ተዛወረ። ስንሻው ወሬውን ሲሰማ "አየሽ እትዬ?" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከገና ወዲህ ከበር ወጥቶ አያውቅም። እታገኝ ቀድማ ያልቀመሰችውን እህል አይነካም፤ እሷ ሥራ ስትውል እሱ ጦሙን ይውላል። ሱሪው አሁን የሚታሰረው በገመድ ነው። እንዲህ ሆኖ ክረምቱን ይዘልቃል ብላ አታምንም፤ ይህንን ጮክ ብላ ለማንም አልተናገረችም።


4.

ከሰው ሁሉ የሚያምነው እሷን ብቻ ነው። ምክንያት አለው።

እናታቸው ያረፉ ጊዜ ስንሻው ክፍለ ሀገር ያስተምር ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። በስልክ አይነገረውም፤ "ትንሽ አሟቸዋል፣ ና" ይባላል፤ ሲመጣ ዘመድ ቤት ያድራል፤ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች መርዶውን ይነግሩታል። ወጉ ነው። እታገኝ ሁሉንም "እሺ፣ እሺ" ብላ ሰማች። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ደወለች።

"ስንሻው፣ እማዬ ሞታለች። ዛሬ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ቁጭ በል።"

ዘመድ እስከ ዛሬ አልማራትም። አክስታቸው እትዬ ደብሪቱ "ወንድሟን በስልክ ያረዳች" እያሉ ነው ለሰው የሚያስተዋውቋት። ስንሻው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ በጤናውም ሆነ በሕመሙ፣ "እትዬ አትዋሽም" ይላል። ሕመሙ ያልወሰደበት ነገር ቢኖር ይኼ ነው።


5.

አንድ ጊዜ ተሞኝተዋል።

በታኅሣሥ እትዬ ደብሪቱ የጠቆሙት "ዶክተር" ቤት ድረስ መጣ። ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ መነጽሩ ወፍራም ነው፤ በየመሀሉ እንግሊዝኛ ጣል ያደርጋል። ስንሻውን መርፌ ወጋው። ስንሻው ሁለት ቀን ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ምላሱ ተሳስሮ ተነሣ። ድንገተኛ ክፍል ተወስዶ በስንት መከራ ተስተካከለለት። ሰውዬው በኋላ ሲጣራ የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ያጣራችው እታገኝ ናት። ካለፈ በኋላ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማታውቀው ሰው "ዋናውን ያምጡ" ስትል የኖረች ሴት፣ በገዛ ወንድሟ ላይ አንድ ወረቀት ሳትጠይቅ በር ከፈተች። አዝናለች፤ ከማዘኗ ይልቅ ግን ማፈሯ ባሰ።

ስንሻው ምላሱ ሲፈታ እንዲህ አላት፦ "እውነተኛ ሐኪም ከሆነ እሄዳለሁ። ግን አንቺው አጣሪው። የምሄደው አንድ ጊዜ ነው እትዬ። ይኼኛውም እንደዚያኛው ከሆነ ሁለተኛ አትጠይቂኝ።"

አንድ ጊዜ።


6.

የአእምሮ ሐኪም መምረጥ የሚፈልጉ እንዲህ ያድርጉ። እታገኝ ሦስት ወር የፈጀባት ይኸው ነው፤ እርስዎ በአንድ ገጽ ያገኙታል።

የሙያ ፈቃዱን ይጠይቁ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ቀኑን ጠጋ ብለው ያንብቡ፤ መስታወቱ ላይ የራስዎን ፊት አይተው አይመለሱ።

የት ስፔሻላይዝ እንዳደረገ ይጠይቁ። "ውጭ አገር" ካለዎ ደግመው ይጠይቁ፤ ውጭ አገር ሰፊ ነው።

በሩ ላይ ተቀምጠው የሚወጡትን ያነጋግሩ። ሕመምተኛውን ሳይሆን አስታማሚውን። አስታማሚ ከደከመው እውነቱን ይናገራል፤ ያልደከመው አስታማሚ ደግሞ እስካሁን አልተገኘም።

ሰፈሩ ያለ ፋርማሲ ገብተው የማን ማዘዣ በደህና እንደሚነበብ ይጠይቁ።

በመጨረሻ ራሱን ሐኪሙን ይጠይቁ። ከተቆጣ ቦርሳዎን ያንሡና ይውጡ።

ካልተቆጣ


(እዚህ ላይ የሚጻፈውን እታገኝም አታውቀውም ነበር።)


7.

በስልክ፦

ደብሪቱ፦ የማን ልጅ ነው?
እታገኝ፦ ማን?
ደብሪቱ፦ ዶክተር ተብዬው ነዋ! አግብቷል? አገሩ የት ነው?
እታገኝ፦ እኔ የማየው ፈቃዱን ነው፣ እትዬ ደብሪቱ።
ደብሪቱ፦ ቤተሰቡን ሳታውቂ ፈቃድ ምን ያደርግልሻል?
እታገኝ፦ የባለ መርፌውን ቤተሰብ ያውቁ ነበር አይደል?
ደብሪቱ፦ እናቱን በደንብ ነዋ የማውቃቸው። ጨዋ ሴት ናቸው።
እታገኝ፦ መርፌውን የያዙት እናቱ አልነበሩም።
ደብሪቱ፦ አንቺ ልጅ ምላስሽ!

ስልኩ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው ሁለቱም እስከ ዛሬ ይካሰሳሉ።


8.

ከይትባረክ በፊት ሁለት ሐኪሞች ታይተዋል። የመጀመሪያው ግድግዳው ላይ አሥራ ሰባት ምስክር ወረቀት ሰቅሏል። እታገኝ ቆማ አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ አሥራ ሁለቱ የሦስት ቀን ሥልጠና ናቸው፤ አንዱ ስለ እሳት አደጋ መከላከል ነው። "ሴትዮ፣ መርማሪው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" አላት። ቦርሳዋን አነሣች። ሁለተኛዋ ጎበዝ ሐኪም ነበረች፤ ካርድ የምታወጣዋ ግን የጎረቤታቸው ልጅ ሆነች፤ ጎረቤት የሰማውን ስንሻው እንደሚሰማ ስለምታውቅ ያንንም ተወችው።

ሦስተኛው ይትባረክ ነው። ጠባብ ክፍል፤ አንድ ፈቃድ ግድግዳው ላይ። የመጋዘን ሠራተኛውን ታሪክ ነገረችው። ከዚያ፦

እታገኝ፦ ማስረጃዎን ማየት እፈልጋለሁ ዶክተር።
ይትባረክ፦ የትኛውን?
እታገኝ፦ ሁሉንም።

(ተነሣ። መሳቢያ ከፈተ። ራሱ ሄዶ ኮፒ አድርጎ አመጣላት።)

እታገኝ፦ አልተቆጡም?
ይትባረክ፦ ያ ሁሉ ደርሶብዎት ዝም ብለው ቢያምኑኝ ነበር የሚገርመኝ። አሁን እኔ ልጠይቅ። ወንድምዎ ይተኛል?
እታገኝ፦ ትንሽ ትንሽ። ሲነጋጋ።
ይትባረክ፦ እርስዎስ?
እታገኝ፦ እኔ ምን?
ይትባረክ፦ ይተኛሉ ወይ?

የዚህ ንግግር ቀሪው አልተመዘገበም፤ እታገኝ አለቀሰች። ከስንሻው መታመም ወዲህ "አንቺስ" ያላት ሰው አልነበረም። ሐኪሙ መሐረብ አቀበላት፤ እስክትጨርስ ጠበቃት። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሆነ።


9.

ይትባረክ ወንድይራድ።


10.

ከላይ ያለው ስም ብቻውን የተቀመጠው እንዲህ ሆኖ ስለተጻፈ ነው። እታገኝ ከሐኪሙ ዘንድ ወጥታ ቢሮዋ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ በየሳምንቱ ለዩኒቨርሲቲ የሚላክ ዝርዝር ጠበቃት፤ ማስረጃቸው ይጣራ የተባሉ የስምንት ሰዎች ስም፣ በተራ ቁጥር። ዘጠነኛው መስመር ባዶ ነው።

ደክሟታል። ሰውዬውን ወዳዋለች፤ መውደዷም አስፈርቷታል። ያ የመስቀል ዕለቱ ኃላፊም ደግ ሰው ነበር፤ እሱም መሐረብ ነበረው። በእጇ ያለውም ፎቶ ኮፒ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ማስረጃ አይደለም፤ ይህን ለስንቱ ተናግራለች። አንድ ጊዜ ነው የምሄደው ብሏል ስንሻው። አንድ ጊዜ።

ጻፈችው።

ከስሙ ቀጥሎ "የሚሠራበት መሥሪያ ቤት" የሚል ሣጥን አለ። ባዶ ቢተው ምንም አይሆንም ነበር። እታገኝ ግን ባዶ ሣጥን አይታ ማለፍ የማትችል ሰው ናት። የሆስፒታሉን ስም ጻፈች።


11.

ጉዳዩ፦ የትምህርት ማስረጃ እንዲጣራልን ስለመጠየቅ

ስማቸው ከዚህ በላይ በተራ ቁጥር ከ1 እስከ 9 የተገለጸው ግለሰቦች ያቀረቡት የትምህርት ማስረጃ ከተቋማችሁ የተሰጠ ስለመሆኑ ተጣርቶ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ። የእሷው ነው።)

ግልባጭ፦ ለየመሥሪያ ቤቶቻቸው


12.

የመጨረሻዋን መስመር አንባቢ አልፏት ከሆነ አይፈረድበትም፤ እታገኝም አልፋታለች። ግልባጭ ከቅጹ ጋር አብሮ የታተመ ነው፤ ማንም አይጽፈውም፣ ማንም አያነበውም። የሚያነበው መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት ሣጥኗን ያያል፤ ሣጥኗ ውስጥ ወደተጻፈው መሥሪያ ቤት አንድ ቅጂ ይልካል።

ቅጂው የደረሰው መሥሪያ ቤት ደግሞ አምና በወጣ መመሪያ መሠረት ሠራተኛውን "ማስረጃው ተጣርቶ እስኪመጣ" ከሥራው ገለል ያደርገዋል። መመሪያውን ካረቀቁት አምስት ሰዎች አንዷ እታገኝ ናት።

ረስታው ነው? አይደለም። መርሳት ሌላ ነገር ነው። እጇ የለመደውን ሠራ፤ ልቧ ወንድሟ ዘንድ ነበር።


13.

ሐሙስ።

ስንሻው ሳይቀሰቅሱት ተነሣ። ገላውን ታጠበ፤ ጢሙን ተላጨ፤ ሁለት ቦታ ቆረጠው። ያስተምርበት የነበረውን ኮት አውጥቶ ለበሰ፤ ትከሻው ላይ ሰፋው። "እንዴት ነኝ?" አላት። "ከስተሃል፤ ግን አምሮብሃል" አለችው፤ ሁለቱም እውነት ነበር።

ታክሲ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ እጇን ይዞ ሄደ። ረዳቱ "ወንድሜ አሞታል እንዴ?" ሲል ስንሻው ራሱ መለሰ፤ "አዎ፣ ልታከም ነው" አለ። እታገኝ ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አላት። በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ዞራ ደስ አላት፤ እንዳያይባት።


14.

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ፊት ለፊት። ካርድ የምትቀበለዋ ነርስ፣ እታገኝና ስንሻው።

ነርሷ፦ ዶክተር ይትባረክ ናቸው? ዛሬ የሉም እናቴ።
እታገኝ፦ ቀጠሮ አለን እኮ። የሦስት ሰዓት።
ነርሷ፦ አውቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አይገቡም።
እታገኝ፦ አመማቸው?
ነርሷ፦ ኧረ ደህና ናቸው። እንዲያው... ደብዳቤ መጣባቸው።
ስንሻው፦ ምን መጣባቸው?
ነርሷ፦ ደብዳቤ።

ስንሻው አልጮኸም። አልሮጠም። አግዳሚው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ መቆለፍ ጀመረ፤ ብርድ እንደያዘው ሰው።


15.

እታገኝ "መጣሁ" ብላው ደረጃው ጋ ሄደች። ለሥራ ባልደረባዋ ለጥላዬ ደወለች።

"ባለፈው ወር የላክነው የዘጠኙ መልስ መጥቷል?"

"ማክሰኞ መጥቷል፣ ጠረጴዛሽ ላይ ነው። ተራ ቁጥር አራት ሐሰተኛ ነው። ሌሎቹ ትክክል ናቸው።"

"ዘጠነኛውስ?"

"ንጹሕ ነው። እንዲያውም በከፍተኛ ማዕረግ ነው የተመረቀው። ስሚ እንጂ፣ ይኼ ዘጠነኛው ማህደር የለውም። ማነው ያስገባው?"

"እኔ ነኝ።"

ጥላዬ "ዛሬውኑ ለሆስፒታሉ ይላክ?" አላት። ይላክ አለችው። መልሱ ከሰዓት በኋላ ከደረሰ ሐኪሙ ሰኞ ሥራው ላይ ይገኛል። ሰውዬው እውነተኛ ነው። ያለ ጥርጥር፣ በማኅተም፣ በቁጥርና በቀን የተረጋገጠ እውነተኛ ሐኪም አግኝታለች፤ እሷው ናት ከወንበሩ ያስነሣችው።


16.

ከደረጃው እስከ አግዳሚው አሥራ ስድስት እርምጃ ነው። በእነዚህ እርምጃዎች ውስጥ እታገኝ ያሰበችው ይህን ነው።

"ምንም አላውቅም" ብትለው፣ ስለ እሱ የተጻፈ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ሰኞ አይመጣም፤ ሁለተኛም አይመጣም። እሷም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዋሸዋለች።

እውነቱን ብትነግረው፣ ደብዳቤ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም ስትለው በከረመችው ወንድሟ ፊት፣ ደብዳቤ አለ ልትል ነው። ጸሐፊዋም በዓለም ላይ የሚያምናት አንዲት ሰው ናት። ቤት ሲደርሱ ያንን የቀመሰችለትን እህል ይበላ ይሆን?

ነርሷ ከመስኮቷ ውስጥ በአዘኔታ ታያቸዋለች። ሌሎች አስታማሚዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስንሻው አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገላት። ተቀመጠች።


17.

ስንሻው፦ እትዬ።
እታገኝ፦ አቤት።
ስንሻው፦ ደህና ሰው ነው ብለሽኝ ነበር።
እታገኝ፦ ደህና ሰው ነው።
ስንሻው፦ እኔን ሊያክም ነው ብለው ነው የጻፉበት።
እታገኝ፦ አይደለም።
ስንሻው፦ ስለ እኔ ነው።
እታገኝ፦ አይደለም፣ ስንሻው። እዚያ ደብዳቤ ላይ ስለ አንተ አንድም ቃል የለም።

(ስንሻው ቀና አለ። ከወራት በኋላ ዓይን ዓይኗን አያት።)

ስንሻው፦ እንዴት አወቅሽ?
እታገኝ፦